በኅዳር ሚካኤል ያፈሰስኩት ናፍጣ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለወንድሞቼ አልነገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ንስሐ ስገባ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ አንድ በአንድ ዘርዝሬ፣ እዚህች ላይ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠራርጌ አልፌያታለሁ። ዛሬ ግን ለእናንተ ለማታውቁኝ አስቀድሜ እናገራለሁ። ስማዳ ውስጥ ነዳጅ አልተገኘም። ያገሬ ሰው ከገደሉ ሥር ምንጭ ላይ ያየው፣ ያሸተተው፣ በስልኩ ቀርጾ ለዘመድ አዝማድ የላከው ነገር ከምድር ሆድ የመጣ አይደለም። ናፍጣ ነው። ያፈሰስኩትም እኔ ነኝ።

ይህን ስጽፍ ፈገግ እያልኩ መሆኔን አልደብቅም። በኑዛዜ መሳቅ ያስቀጣ ይሆን? ቢያስቀጣስ ምን ላድርግ፤ ነገ የደስታ ቀን ነው። ደስታዬና ኃጢአቴ ደግሞ አንድ ቤት ስለሚያድሩ አንዱን አስወጥቼ ሌላውን ላስገባ አልቻልኩም። ሁለቱንም እንደያዝኩ ልናዘዝ።

ሥራዬ ጭቃ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ልጄ ኢንጂነር ነው" እያለች ለሰው ስታወራ፣ አባቴ ከጎን ሆኖ "ጭቃ የሚያቦካ ኢንጂነር!" ይላት ነበር። እውነቱን ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ውስጡ ባዶ በሆነው የመቆፈሪያ ብረት ውስጥ ወደ ታች የሚወርድ፣ የድንጋዩን ፍርፋሪ ተሸክሞ በብረቱ ዙሪያ ወደ ላይ የሚመለስ ጭቃ አለ። እሱ ከሌለ መቆፈሪያው ይግላል፤ ፍርፋሪው ይከመራል፤ ጉድጓዱ ይደረመሳል። የእኔ ሙያ ያ ጭቃ እንዴት እንደሚፈስ ማወቅ ነው። ከቀጠነ ፍርፋሪውን ጥሎ ይመጣል፤ ከወፈረ ፓምፑን ያንቃል። አፉ ሰፊ ታቹ ጠባብ የሆነ ፈነል አለኝ፤ በጭቃ እሞላውና ታቹን በጣቴ እደፍናለሁ። ከዚያ ጣቴን አንሥቼ በስንት ሰከንድ ፈስሶ እንደሚያልቅ እቆጥራለሁ። ይኸው ነው። የሞኝ ሥራ ይመስላል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልሰለቸኝም።

ከጭቃም የዘይት ጭቃን እወዳለሁ። በምሥራቅ ቆላ፣ ጋዝ በሚፈለግበት በረሃ፣ ስድስት ዓመት የሠራሁት በእሱ ነው። በውሃ ፈንታ በናፍጣ ይበጠበጣል፤ ጥቂት ውሃና ኖራ ይገባበታል። ናፍጣና ውሃ በጠባያቸው ስለማይዋደዱ ደግሞ የሚያስማማቸው መድኃኒት ይጨመራል። እኛ ሠራተኞቹ መድኃኒቱን "አማጭ" እንለው ነበር። ሲያምር ብታዩት! ስታንቀሳቅሱት ይቀጥናል፤ ስታቆሙት ፍርፋሪውን እንዳቀፈ ይረጋል፤ ስትነኩት መልሶ ይነቃል። ዋልካ አፈር ውሃ ሲጠጣ እንደሚያብጥ ታውቁ ይሆናል፤ በዘይት ጭቃ ግን ዋልካ አያብጥም፤ ጉድጓዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንድ ሕግ ብቻ አለው፤ ሰው የሚጠጣው ውሃ ያለበት አይገባም። ይህን ሕግ አላውቀውም ነበር? አሳምሬ አውቀው ነበር። አዲስ ለሚመጡ ሠራተኞች ሁሉ አስተምር የነበርኩት እኔ ነኝ።

የበረሃው ሥራ ሲያልቅ አገሬ ተመለስኩና የመጠጥ ውሃ ከሚቆፍር ቡድን ጋር ገባሁ። የመጀመሪያው ጉድጓዳችን ዕጣ ወጥቶለት በገዛ ቀበሌዬ፣ ከወረዳው ከተማ ከወገዳ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ሆነ። ማሽኑ የቆመው በእትዬ ሙሉነሽ የገብስ ማሳ ጫፍ ነው። እትዬ ሙሉነሽ የእናቴ ባልንጀራ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ስልሳን አልፈዋል። ውሃ የሚቀዱት ከገደሉ ሥር ካለችው አንዲት ምንጭ ነው፤ ወርዶ መውጣቱ ግማሽ ቀን ይበላል። ለጉድጓዱ መሬት የሚሰጥ ሲፈለግ ሌላው ሲያቅማማ፣ እሳቸው "ከማሳዬ የቱ ይሻላችኋል?" ብለው ነው የመጡት።

ሥራው ግን እንቢ አለ። ከላይኛው አለት በታች ቡናማ ዋልካ ገጠመን። ተራውን ጭቃችንን እየጠጣ ያብጣል፤ አብጦ ጉድጓዱን ይዘጋል። ሁለት ጊዜ ብረታችንን ነክሶ ያዘው። የማሽኑ አለቃ ጋሽ ተካ፣ ዕድሜውን በቁፋሮ የፈጀ ሰው፣ "በሳምንት ውስጥ ካላለፍነው ነቅለን ወደ ቀጣዩ ወረዳ ወደ እስቴ ነው" አለ። መፍትሔ ነበረ። ዋልካውን የሚያረጋ ጨውና ጭቃውን የሚያዝለገልግ ዱቄት፣ ጉድጓዱን ደግፎ የሚይዝ የብረት ቱቦም ማስመጣት ነው። ለዚያ ግን ደብዳቤ መጻፍ፣ ቢሮ መመላለስ፣ መለመን ያስፈልጋል። እኔ መለመን አልፈለግሁም። "የሙያው ሰው፣ የአገሩ ልጅ መጣ" ተብሎልኝ በዋልካ ተሸንፌ ልሄድ? ኩራት ነበር። ሌላ ስም የለውም።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሰው ሁሉ ታቦት ሊያነግሥ ሄደ። ጋሽ ተካም ነጠላውን አጣፍቶ ከሠራተኞቹ ጋር ወጣ። እኔ "ሆዴን አሞኛል" ብዬ ቀረሁ። ዋሸሁ። በበዓል ቀንም ሥራ ሠራሁ፤ የነፍስ አባቴን እንደማውቃቸው፣ ይህን ሲሰሙ ከናፍጣው ይልቅ በዓል መሻሬ ነው የሚያስደነግጣቸው። ከበሮው ከሩቅ እየተመታ፣ እልልታው እየመጣ፣ በጠራራ ፀሐይ አምስት በርሜል ናፍጣ ገንዳው ውስጥ ገለበጥኩ። ኖራውን ጨመርኩ። ለማስታወሻ ይሁን ለትዕቢት ከበረሃ ይዤው የመጣሁትን አንድ ጀሪካን አማጭ ጨመርኩ። ጭቃው እየዞረ ጠቆረ፤ ማብረቅረቅ ጀመረ፤ በጣቶቼ መካከል ሙልጭ ሙልጭ አለ። ፈነሉን ሞልቼ ቆጠርኩ፤ ልክ እንደምፈልገው ፈሰሰ። እመኑኝ፣ ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ። ኃጢአት ሁሉ እየመረረ አይሠራም፤ እኔ ጣፍጦኝ ነው የሠራሁት።

በማግስቱ ቁፋሮው ቀጠለ። ጋሽ ተካ ሽታውን እንዴት አላወቀም ትሉ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት የናፍጣ ጭስ የማገ አፍንጫ ምኑን ከምኑ ይለያል? "ምን ጨመርክበት?" ሲለኝ "ለብረቱ ማለስለሻ" አልኩት። "እደግ!" አለኝ። ዋልካው ዝም አለ፤ ጉድጓዱ ቀጥ ብሎ ቆመ። በሁለት ቀን ዋልካውን አልፈን ጥቁር አለት ላይ ደረስን። ጋሽ ተካ የሚወጣውን ፍርፋሪ እያየ "ውሃው እዚሁ ነው" ብሎ እጁን ማፋተግ ጀመረ። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ውሃው ከመድረሱ በፊት ጭቃውን አወጣና ጉድጓዱን አጥባለሁ፤ ማን ያውቃል አልኩ። ማን ያውቃል! ሰው ራሱን የሚያታልልበት ከዚህ ያጠረ ቃል የለም።

ቅዳሜና እሑድ ማሽኑ ቆመ። በእኛ አገር ኅዳር የውርጭ ወር ነው፤ ባቄላ የሚያደርቅ አመዳይ ይወርዳል። እኔ የዘይት ጭቃን የማውቀው በበረሃ ነው። እዚያ ሙቀቱ ዘወትር ያቀጥነዋል፤ ጭንቀታችን ሁሉ እንዳይቀጥን ነበር። በብርድ እንደሚወፍር ተምሬያለሁ፤ በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም። ስማዳ ተወልጄ፣ በስማዳ አመዳይ ጣቴ እየደነዘዘ አድጌ፣ የስማዳን ብርድ ረሳሁት! በኅዳር ጧት ቅቤ ከቅል ውስጥ አልወጣ እንደሚል የማታውቅ ሴት በአገራችን አለች? ኢንጂነሩ ግን ረሳው።

ሰኞ ጧት ጭቃው በገንዳውም በጉድጓዱም ረግቶ ጠበቀን። እንዲህ ያለ ጭቃ በዝግታ ነው የሚቀሰቀሰው፤ በመጀመሪያ ብረቱን ማዞር፣ ቀጥሎ ፓምፑን ቀስ ማድረግ። ይህንንም አውቅ ነበር። ግን ቸኮልኩ። "ልቀቀው!" አልኩ። ጋሽ ተካ ለቀቀው። ከላይ ፓምፑ ይገፋል፤ ከታች የረጋው ጭቃ አልንቀሳቀስም ይላል። የግፊት መለኪያው ቀስት ወጣ፣ ወጣ፣ ቀዩን መስመር ነካ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ዱብ አለ። ከታች አለቱ ተሰንጥቆ ነበር። ገንዳው ዓይናችን እያየ ጎደለ፣ ጎደለና ባዶውን ቀረ። ጋሽ ተካ "በቃ፣ መሬት ዋጠችው" አለ። እኔ ግን ወደ ገደሉ አየሁ። ከማሳው በታች ገደሉ ነው፤ ከገደሉ ሥር ደግሞ ምንጯ አለች።

ከቀትር በኋላ ከገደሉ ድምፅ ተሰማ። የሰው ሞት ጩኸት መስሎኝ ወደ ገደሉ አፋፍ ሮጥኩ። እልልታ ነው። ውሃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች ምንጯ ላይ የማርያም መቀነት የመሰለ ቀለም ተንሳፍፎ፣ ሽታውም አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሆኖ ቢያገኙት "ነዳጅ! ነዳጅ ፈለቀ!" እያሉ ወጡ። አንድ ጎልማሳ ወርዶ ከላይ ከላዩ ጭድ ነከረበትና ክብሪት ጫረ። ነደደ። ከዚያ በኋላ ማን ሊያቆመው?

እንደዚያ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም። አጫጁ ማጭዱን ጥሎ መጣ። ወጣቱ ስልኩን ይዞ ገደል ገባ። ከወገዳ ሹማምንት በመኪና መጡ። ጾመ ነቢያት ስለገባ በግ አልታረደም፤ በጎቹ ዕድለኞች ነበሩ። ጠላ ግን ጾም የለውም፤ ከየቤቱ በጋን በጋን ወጣ። ጎረምሶቹ ክብ ሠርተው እንዲህ እያሉ ይጨፍራሉ፦

ገብሱን ለጎረቤት፣ አተሩን ለእንግዳ፤
ናፍጣ ነው የምታጭድ ዘንድሮ ስማዳ!

መሪጌታችን፣ ቤተ ልሔም ድጓ ቤት ድረስ ሄደው የተማሩ ጨዋታ አዋቂ ሰው፣ ከዐለት ስለሚወጣ ዘይት አንሥተው እስኪያልባቸው ሰበኩ። እኔን መሃል አስቀመጡኝ። "ያገር ልጅ አወጣው" ተባለልኝ። አዲስ ጋቢ አለበሱኝ። ለበስኩት። ተነሥቼ "ናፍጣውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ" ብል ምን ነበረበት? አራት ቃል ነው። ቆጠርኳቸው። ጋቢው ሞቀኝ፤ ጠላው ጣፈጠኝ፤ አራቱን ቃል ዋጥኳቸውና ተነሥቼ ጨፈርኩ። አዎ፣ እኔ ጨፈርኩ፤ ያውም ከሁሉ አብልጬ።

በዚህ መሃል እትዬ ሙሉነሽ ባዶ ጀሪካናቸውን በገመድ እንዳዘሉ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"እሰየው ልጄ፣ እንኳን ቀናህ!" ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እኔ ግን ነዳጅ አልጠጣ፤ ውሃውን ከየት ልቅዳ?" አሉኝ።

"ለጥቂት ቀን ነው እትዬ" አልኳቸው።

"ብቻ ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብኝ" ብለው ሄዱ።

ጥቂት ቀን አልሆነም። ቦታው "ለበላይ አካል ይጠበቅ" ተባለና ማሽኑ ተነቅሎ ሄደ። ምንጯ እስከ ክረምት አልጠራችም። ሌላው ሰው አህያ ጭኖ ወይም ልጅ ልኮ ከማዶው ወንዝ ያስቀዳል። እትዬ ሙሉነሽ አህያም የላቸው፣ ልጅም የላቸው። ሰባት ወር ሙሉ ከምንጯ እጥፍ የሚርቀውን ያን መንገድ በእግራቸው ተመላለሱ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። የውሃ ሰው ነኝ ብዬ መጥቼ የነበራቸውን ውሃ የነሣኋቸው እኔ ነኝ።

በግንቦት አንድ ቀን ዳገቱ ላይ አገኘኋቸውና ጀሪካኑን ተቀብዬ አዘልኩት። "እግዜር ይስጥህ፣ የተባረክ" እያሉ ዳገቱን እስክንጨርስ መረቁኝ። ምርቃት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር፤ ከጀሪካኑ ይልቅ ምርቃቱ አጎበጠኝ። ደጃቸው ስንደርስ አፌን ከፈትኩ።

"እትዬ…"

"አቤት ልጄ?"

"የጀሪካኑ ክዳን ላልቷል" አልኳቸው።

ይህን ነው ያልኩት። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

ከምንጯ ለምርመራ የተወሰደው ናሙና ውጤትም መጣ። ባለሙያዎቹ "ይህ ማደያ የሚቀዳ ናፍጣ ነው፤ ከማሽኑ ፈስሶ ይሆናል" አሉ። ማሽን አፍ የለው፤ ጥፋቴን ተቀበለልኝ። ያገሬ ሰው ግን አላመነም። "ሊደብቁን ነው!" አለ። እስከ ዛሬ ወገዳ ገበያ ላይ "ነዳጃችን" ሲባል ትሰማላችሁ፤ ልጁን ሲድር "የነዳጅ አገር ሰው ነኝ" ብሎ ጥሎሽ የሚያስጨምርም አለ። እኔም አብሬ ስቄ፣ ቤቴ ስገባ አፍራለሁ።

ክረምቱ ምንጯን አጠበልኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ያልረገጥኩት ቢሮ የለም። ደጅ ጠናሁ፤ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ለመንኩ። መለመን ንቆ ያጠፋ ሰው ለማኝ ሆኖ ቀረ፤ እሰይ፣ የእጄን አገኘሁ! ዘንድሮ ጥር ላይ ማሽኑ ተመለሰ፤ ጋሽ ተካም አብሮ። የአሮጌውን ጉድጓድ አፍ በሲሚንቶ ደፍነን፣ ከገደሉ ርቀን በማሳው በሌላው ጫፍ ጀመርን። እትዬ ሙሉነሽ አሁንም "የቱ ይሻላችኋል?" ነው ያሉት። ጨውም፣ ዱቄትም፣ ቱቦም መጣ። ናፍጣ ከማሽኑ ሆድ በቀር የትም አልገባም። በየማለዳው ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት ብረቱን በቀስታ አስዞርኩ፤ ጭቃው ሲላላ፣ ሲነቃ፣ መፍሰስ ሲጀምር እያየሁ ቆምኩ። ጋሽ ተካ "ጭቃውን እንደ አራስ አስታመምከው እኮ!" እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም። ያ ዋልካ ያን ሁሉ ጊዜ የሚጠብቀው ትዕግሥት ብቻ ነበር።

ውሃው የወጣ ቀን! መጀመሪያ ድፍርስ፣ ቀጥሎ ወተት መሳይ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ ከማሽኑ በላይ ዘለለ። ሁላችንም ራስን። እትዬ ሙሉነሽ ነጠላቸውን ጥለው መሃሉ ገቡና እንደ ልጃገረድ ዘለሉ። ከዚያ በእፍኛቸው ተቀብለው አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉና አሸተቱት።

"ነዳጅ የለበትም አይደል?" አሉኝ።

"የለበትም እትዬ። ግን ተመርምሮ እስኪፈቀድ አይጠጡት።"

"ይህን ያህል ጠብቄ ለጥቂት ሳምንት አይነደኝም" ብለው እፍኛቸውን እያዩ አፈሰሱት። አለቀስኩ። ፊቴ በውሃ ስለራሰ ማንም አላወቀብኝም።

በዚህ ሳምንት ውጤቱ መጣ፤ ውሃው ንጹሕ ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ አገሩ ሁሉ ይሰበሰባል። ቧንቧውን እንዲከፍት የተመረጠው ደግሞ "ነዳጅም ውሃም ያወጣልን ልጅ" ነው፤ እኔ። ሲነግሩኝ እሺ አልኩ፤ ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ነገ ማንም ቧንቧውን ሳይነካ ቆሜ አነበዋለሁ። ጎረምሶቹ ግጥማቸውን ስለምቀማቸው አዝናለሁ። ያኛው አባትም ጥሎሹን እንዳይመልስ እጸልያለሁ። ሲስቁብኝ ይታየኛል፤ አንዳንዱም "ይኸም ሊደብቀን ነው" ይለኝ ይሆናል። አንዳንዱ ግን አይስቅም። አለመሳቅ መብቱ ነው።

ብርዱ ነው ያጠፋው አልልም፤ ብርዱን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ለአገሬ ብዬ ነው አልልም፤ ለስሜ ብዬ ነው። ማሽኑ አፈሰሰው ሲባል ሰምቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ናፍጣውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።

እትዬ ሙሉነሽ፣ ሰባት ወር ያን ዳገት ያስወጣዎ ያ የመረቁት ልጅ ነው። ነገ ቧንቧውን የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት፤ እኔ አይደለሁም። ይቅርታዎን ከዚያ በፊት አልለምንም፤ ከደረቀ ጉሮሮ ይቅርታ መቀበል ሁለተኛ ግፍ ነው። መጀመሪያ ጠጥተው ይርኩ። ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት ያሻዎትን ይበሉኝ።